የወንበሩ ጥቅምና የዱቄቱ ዋጋ፦ የማላዊዋ ፕሬዚዳንት ለምን ተሸነፉ?

ወይዘሮ ጆይስ ባንዳ የማላዊ ፕሬዚዳንት ከመሆናቸው ሃያ ዓመት ያህል ቀደም ብለው እንደኛ ያለ ማኅበር መሥርተው ነበር። የነጋዴ ሴቶች ብሔራዊ ማኅበር ይባላል፤ ለአነስተኛ ነጋዴ ሴቶች ብድርና ሥልጠና የሚሰጥ ነው። ሀንገር ፕሮጀክት የተባለው ድርጅት በ1997 የአፍሪካ የአመራር ሽልማቱን ለእሳቸውና ለሞዛምቢኩ ፕሬዚዳንት ለጆአኪም ቺሳኖ አካፍሎ ሰጣቸው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) እኚህ ሴት ሜይ 20 ቀን 2014፣ በእኛ ግንቦት 12 ቀን 2006 ዓ.ም. በተደረገው ምርጫ፣ በፕሬዚዳንትነት ወንበር ላይ ተቀምጠው ሳለ ሦስተኛ ወጡ። ከመቶ መራጭ የመረጣቸው ሃያው ብቻ ነው።

የእኛም ማኅበር የሥራ አመራር ምርጫ እየተቃረበ ስለሆነ፣ በቡና ሰዓት ከሚነሱት ጨዋታዎች አንዱ «ወንበር ላይ ያለ ሰው እንዴት ይሸነፋል?» የሚለው ነው። አንዳንዶቻችን ወንበር የያዘ ሁሌም ያሸንፋል እንላለን። ሌሎቻችን ደግሞ ኑሮ ሲወደድ ማንም አይተርፍም እንላለን። የማላዊ ታሪክ ሁለቱንም ወገን የሚያከራክር ነገር አለው። አገሪቱ ለእኛ ሩቅ አይደለችም፤ ልጆቻችን ደቡብ አፍሪካ እንገባለን ብለው በየዓመቱ የሚያቋርጧት፣ አንዳንዶቹም የሚቀሩባት አገር ናት።

ነገሩን ከወይዘሮ ጆይስ በፊት ከነበሩት ከፕሬዚዳንት ቢንጉ ዋ ሙታሪካ እንጀምር። ሰውየው በ2004 ሲመረጡ ያገኙት ድምፅ ከመቶ 36 ብቻ ነበር። በ2005 በአገሪቱ ረሃብ ሆነ። ከዚያ መንግሥታቸው ለገበሬው ማዳበሪያና ምርጥ ዘር በድጎማ ማከፋፈል ጀመረ፣ ዝናቡም አልከፋም፣ በቆሎው ሞላ። ሁለት ዓመት ሳይቆይ ማላዊ ለዚምባብዌ በቆሎ እስከ መሸጥ ደረሰች። የማላዊ ሰው ያለ ንሲማ በልቻለሁ አይልም፤ ንሲማ ማለት ከበቆሎ ዱቄት የሚሠራ ጠንከር ያለ ገንፎ ነው። ስለዚህ በ2009 ምርጫ ሲመጣ ፕሬዚዳንቱ ከመቶ 66 ድምፅ አገኙ። ወንበሩ ረድቷቸዋል፣ የመንግሥት ሬዲዮም ረድቷቸዋል፤ ከሁሉ በላይ ግን የጎተራው መሙላት ነው የረዳቸው። በዚህ ምርጫ ምክትል ፕሬዚዳንት ሆነው አብረው የተመረጡት ወይዘሮ ጆይስ ባንዳ ናቸው፤ በአገሪቱ ታሪክ የመጀመሪያዋ ሴት ምክትል።

ያ ሁሉ ድምፅ ሁለት ዓመት አልቆየም። የውጭ ምንዛሪ ጠፋ፣ ቤንዚን ጠፋ፣ ማደያዎች ላይ መኪና ሌሊቱን ተሰልፎ ማደር ጀመረ። ፕሬዚዳንቱ ከእንግሊዝ አምባሳደር ጋር ተጣልተው አባረሯቸው፣ ለጋሾችም እርዳታቸውን አቋረጡ። በጁላይ 2011 ሕዝቡ አደባባይ ሲወጣ ወደ ሃያ የሚጠጉ ሰዎች ተገደሉ። ወይዘሮ ጆይስ በዚያን ጊዜ ከፕሬዚዳንቱ ጋር አልነበሩም። ፕሬዚዳንቱ ወንድማቸውን ፒተር ሙታሪካን ለተተኪነት ሲያዘጋጁ አልተባበርም በማለታቸው በ2010 መጨረሻ ከፓርቲው ተባረሩ። ምክትልነቱን ግን የሰጣቸው ሕዝብ ስለሆነ ከዚያ ሊያወጧቸው አልቻሉም። የራሳቸውን ፓርቲ አቋቁመው፣ ከቤተ መንግሥት ርቀው ግን ምክትል ፕሬዚዳንት እንደሆኑ ተቀመጡ።

ኤፕሪል 5 ቀን 2012 ፕሬዚዳንት ቢንጉ በልብ ሕመም በድንገት ሞቱ። ሞታቸው ሁለት ቀን ያህል ሳይነገር ቆየ፤ በነዚያ ሁለት ቀናት አንዳንድ ሚኒስትሮች ወይዘሮዋን አልፈው ሥልጣኑን ለወንድምየው ለማድረስ መንገድ ይፈልጉ ነበር። የጦር ሠራዊቱ አዛዥ ከሕገ መንግሥቱ ጎን ቆሙ። ኤፕሪል 7 ወይዘሮ ጆይስ ቃለ መሐላ ፈጸሙ፣ ከላይቤሪያዋ ከኤለን ጆንሰን ሰርሊፍ ቀጥሎም በአፍሪካ በፕሬዚዳንትነት አገር የመሩ ሁለተኛዋ ሴት ሆኑ።

የአገሩ ስሜት በዚያ ሳምንት ምን ይመስል እንደነበር መገመት አያቅትም። ሕዝቡ እፎይ አለ። ለጋሾች ተመለሱ። የፕሬዚዳንቱ አውሮፕላን ይሸጥ ተባለ፣ በ15 ሚሊዮን ዶላርም ተሸጠ። ወይዘሮዋ ከደመወዛቸው 30 በመቶ ቀነሱ። የሱዳኑን መሪ ኦማር አልበሽርን አላስተናግድም ስላሉም በሊሎንግዌ ሊደረግ የታቀደው የ2012 የአፍሪካ ኅብረት ጉባኤ ወደ አዲስ አበባ ተዛወረ። በዚያ ሐምሌ መንገድ ተዘጋብን ብለን ካጉረመረምን እንግዲህ ምክንያቱ እኚህ ሴት ነበሩ።

እኛ ሒሳብ ክፍል የምንሠራ ሰዎች ግን ዓይናችን የሚያርፈው ከዚያ በፊት፣ በሜይ 2012፣ በሆነው ላይ ነው። ሥልጣን በያዙ በወሩ የማላዊ ገንዘብ ክዋቻ ከዶላር አንጻር እንዲወርድ አደረጉ። አንድ ዶላር በ167 ክዋቻ ይመነዘር የነበረው 250 ሆነ። ይህን በሚመለከት ጋዜጦች አንዱ «33 በመቶ» ሌላው «50 በመቶ» ብለው ጽፈው ታገኛላችሁ፤ ሁለቱም ልክ ናቸው። ክዋቻው ከዋጋው አንድ ሦስተኛ አጣ፣ ዶላሩ ደግሞ በግማሽ ተወደደ። ገበያ የምትወጣ እናት የሚደርሳት ሁለተኛው ቁጥር ነው። ውጭ የተመረተ ነገር ሁሉ፣ ነዳጁ፣ ማዳበሪያው፣ መድኃኒቱ፣ ዋጋው ተነሣ፤ ነዳጅ ሲነሣ ደግሞ አገር ውስጥ የተመረተውም ተከተለ። በ2013 መጀመሪያ የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ደርሶ ነበር። በጃንዋሪ ሕዝቡ ኑሮ ተወደደ ብሎ ሰልፍ ወጣ፣ በፌብሩዋሪ የመንግሥት ሠራተኞች ሥራ አቆሙ። ክዋቻውም መውረዱን ቀጠለ፤ ዓመቱ ሲያልቅ ዶላሩ ከ400 በላይ ነበር።

እርምጃው ስሕተት ነበር ለማለት አንደፍርም። ምንዛሪው ለዓመታት በግድ ተይዞ ቆይቶ ስለነበር ዶላሩ ከባንክ ጠፍቶ ወደ ጥቁር ገበያ ሄዷል፤ ቤንዚን የጠፋውም በዚሁ ምክንያት ነው። አንድ ሰው ጉዳዩን እንደ ሒሳብ ቢያየው፣ ወይዘሮዋ የተረከቡት መነሻ ሒሳብ ከባድ ዕዳ ያለበት ነበር። እኛ ዘንድ ገንዘብ ያዥ ስትቀየር የርክክብ ሰነድ ይዘጋጃል፤ ካዝናው ይቆጠራል፣ ዕዳው ይጻፋል፣ አስረካቢና ተረካቢ ይፈርማሉ፣ ከዚያ ቀን ወዲህ ያለው ብቻ የአዲሷ ኃላፊነት ይሆናል። አገር እንዲህ አትረከብም። መራጩ የርክክብ ሰነድ አላየም፣ ቢያይም የሚያነብበት ጊዜ የለውም። እሱ የሚያውቀው በቢንጉ ዘመን ዱቄቱ ይህን ያህል እንደነበር፣ በጆይስ ዘመን ይህን ያህል እንደሆነ ነው። ስለ ምርጫ የሚያጠኑ ሰዎች ይህን ጠባይ በብዙ አገር አይተውታል። መራጭ ወደፊት ምን ይደረግልኛል ከሚለው ይልቅ ባለፈው ዓመት ምን ሆንኩ የሚለውን ይመዝናል፤ ጥፋቱ የማን እንደሆነ መለየት ደግሞ ይቸግረዋል፣ ወንበሩ ላይ ያገኘውን ይጠይቃል።

ወይዘሮ ጆይስ በወንበሩ ጥቅም አልተጠቀሙም ማለት አይደለም። የመንግሥት ራዲዮና ቴሌቪዥን ከጠዋት እስከ ማታ የእሳቸው ነበር። በየገጠሩ እየዞሩ በቆሎ ያድሉ ነበር፣ ለድሆች ቤት የሚሠራ ድርጅት አቋቁመው ነበር፣ ለአንድ ቤተሰብ አንድ ላም የሚልም መርሐ ግብር ነበራቸው። ተቃዋሚዎቻቸው ይህን ሲያዩ ድምፅ በላም ተገዛ ብለው ጮኹ። ላም ያገኘችው ቤተሰብ ግን ጥቂት ናት፣ ዱቄት የሚገዛው ሁሉም ነው። በአንድ መንደር አንዲት ሴት ላም ስትሸለም የሚያዩት አርባ ጎረቤቶቿ ምን ይሰማቸዋል? ይህን ለማኅበር ሰው ማስረዳት አያስፈልግም፤ ብድር ስናድል ሁልጊዜ የምናየው ነው።

ከሠሩት ሁሉ እኛ ትልቅ የምንለው ደግሞ ድምፅ ያላመጣላቸው ነው። ስለ እናቶች ጤና የተለየ መርሐ ግብር ጀምረው ነበር። የየአካባቢውን ባላባቶች ሰብስበው፣ ነፍሰ ጡር ሴት ቤት ውስጥ እንዳትወልድ፣ ጤና ተቋም አጠገብ የእናቶች ማቆያ እንዲሠራ አደረጉ። በወሊድ ያልሞተች ሴት ግን አልሞትኩም ብላ አትመርጥም፤ ከሞት መትረፏንም ላታውቅ ትችላለች።

ከዚህ ሁሉ ላይ የሴፕቴምበር 2013 ጉዳይ መጣ። የገንዘብ ሚኒስቴር የበጀት ዳይሬክተር ሊሎንግዌ ውስጥ በቤታቸው በር ላይ በጥይት ተመቱ፣ ግን ተረፉ። በዚያው ሰሞን በአነስተኛ ደመወዝ የሚሠሩ የመንግሥት ሠራተኞች መኪናና ቤት ውስጥ በጥሬው ብዙ ገንዘብ መገኘት ጀመረ። ነገሩ ሲጣራ የመንግሥት ክፍያ በሚሠራበት የኮምፒውተር ሥርዓት ውስጥ ላልቀረበ ዕቃና ላልተሠራ ሥራ ክፍያ እየተዘጋጀ፣ ቼኩ ከወጣ በኋላ መዝገቡ ከሥርዓቱ እየተሰረዘ ቆይቷል። ከውጭ የመጣው ኦዲተር ከኤፕሪል እስከ ሴፕቴምበር 2013 ባለው ስድስት ወር ብቻ ከ13 ቢሊዮን ክዋቻ በላይ እንደተዘረፈ ጻፈ። ማላዊዎች «ካሽጌት» ብለው ሰየሙት።

እዚህ ላይ ከሙያችን አንድ ነገር እንበል። ከኮምፒውተሩ የተሰረዘ ክፍያ ከባንኩ መግለጫ ላይ አይሰረዝም። በየወሩ የባንክ ማስታረቂያ የሚሠራ አንድ ሰው ቢኖር፣ ክፍያ የሚያዘጋጀው፣ የሚያጸድቀውና የሚመዘግበው የተለያዩ ሰዎች ቢሆኑ፣ በመጀመሪያው ወር ይታይ ነበር። አንዳንድ አባላት ለሁለት ሺህ ብር ወጪ ሦስት ፊርማ ምን ያደርጋል ሲሉን የምንመልሰው ይህንኑ ነው።

ወይዘሮዋ ካቢኔያቸውን በተኑ፣ ክስ እንዲመሠረት አደረጉ፣ ዘረፋውን ያጋለጥኩት እኔ ነኝ ብለው ተከራከሩ። ቀዳዳው ከእሳቸው በፊት የተከፈተ መሆኑን በኋላ የተሠራ ሌላ ኦዲት አሳይቷል። መራጩ ግን «በእርስዎ ጊዜ ነው» አለ። ለጋሾችም በዚያው ዓመት መጨረሻ ለበጀቱ የሚሰጡትን ገንዘብ አቆሙ፤ ምርጫው ሊደረግ የቀረው ስድስትና ሰባት ወር ነው።

ይህን መጽሔት ደጋፊዎቻችንም ስለሚያነቡት በግልጽ መናገር ይሻላል። ገንዘብ የተሰረቀበት ካዝና ውስጥ ማንም ተጨማሪ ገንዘብ አይከትም፤ ለጋሾቹ በዚህ አይወቀሱም። ይሁንና የክዋቻውን መውረድ የጠየቁት እነሱ ናቸው፣ ወይዘሮዋም ባደረጉት ጊዜ በውጭ ጋዜጦች ተመሰገኑ። ምስጋናው የመጣው ከማይመርጡ ሰዎች ነው። የመድኃኒትና የደመወዝ ችግር በመጣ ጊዜ ደግሞ የደረሰው በሚመርጡት ላይ ነው። አንድ መሪ ለሁለት ዓይነት ተመልካች ሒሳብ ሲያቀርብ፣ አንዱ ያጸደቀውን ሌላው ሊጥለው እንደሚችል ከማላዊ የበለጠ ግልጽ ምሳሌ አላገኘንም።

የምርጫው ዕለት ብላንታየር ከተማ ውስጥ የምርጫ ቁሳቁስ ዘግይቶ ደረሰ፣ የተቃጠለ ጣቢያም ነበር፣ በአንዳንድ ቦታ ምርጫው ወደ ሌላ ቀን ተላለፈ። ወይዘሮ ጆይስ በአራተኛው ቀን ምርጫውን ሰርዣለሁ፣ በ90 ቀን ውስጥ ሌላ ይደረግ፣ እኔ አልወዳደርም አሉ። ፍርድ ቤት ሥልጣን የለዎትም ብሎ አገደው። ውጤቱ ሜይ 30 ሲነገር ፒተር ሙታሪካ ከመቶ 36.4፣ ፓስተሩ ላዛረስ ቻክዌራ 27.8፣ ወይዘሮ ጆይስ 20.2 አገኙ። ለአሸናፊው መልካም ምኞታቸውን ገልጸው ወረዱ። ምርጫውን ለመሰረዝ መሞከራቸው ከስማቸው ላይ ነጥብ የቀነሰ ይመስለናል፤ መውረዳቸው ደግሞ መልሶ ጨምሯል።

ቁጥሩን ልብ ብላችሁ ተመልከቱት። ከአምስት መራጮች አራቱ ወይዘሮ ጆይስን አልፈልግም ብለዋል፤ ነገር ግን ከአሥሩ ስድስቱ አሸናፊውንም አልመረጡትም። የሕዝብ ስሜት ማን ይውጣ የሚለውን በደንብ ይናገራል፣ ማን ይግባ የሚለውን ግን አይናገርም። ያንን የወሰነው የአገር ልጅነት ነው። ደቡቡ ለሙታሪካ፣ መካከለኛው ለቻክዌራ አዘነበለ፣ ሰሜኑ ደግሞ ለወይዘሮ ጆይስ ሰጠ። የሚገርመው ወይዘሮ ጆይስ ራሳቸው የደቡብ፣ የዞምባ ሰው መሆናቸው ነው።

ሁለት ዓመቱ በራሱ ጎድቷቸዋል ብለን እናስባለን። በናይጄሪያ ፕሬዚዳንት ያርአዱዋ በሜይ 2010 ሞተው ምክትላቸው ጉድላክ ጆናታን በ11ኛው ወር ተመረጡ። በዛምቢያ ሙዋናዋሳ በኦገስት 2008 ሞተው ሩፒያ ባንዳ በኦክቶበር አሸነፉ። በጋና ሚልስ በጁላይ 2012 ሞተው ጆን ማሃማ በዲሴምበር አሸነፉ። ሦስቱም ሐዘኑና ተስፋው ሳይበርድ ነው ለምርጫ የቀረቡት፤ ሦስቱም ደግሞ በሚቀጥለው ምርጫ ወንበር ላይ እያሉ ተሸነፉ። ወይዘሮ ጆይስ በ2012 መጨረሻ ለምርጫ ቢቀርቡ ኖሮ የሚለውን ማንም ሊያረጋግጠው አይችልም፣ ሦስትና አራት ምሳሌም ሕግ አይሆንም። ግን የመጀመሪያዎቹ ወራት ፍቅር ጊዜው የሚያልፍበት ዕቃ መሆኑን ያሳያል። እሳቸው ያንን ጊዜ ክዋቻውን ለማስተካከል አዋሉት።

ከዚህ በላይ ያሳሰበን ሌላ ቁጥር ነው። በ2009 ከ193 የፓርላማ ወንበሮች 43ቱን ሴቶች ይዘው ነበር። በ2014 ወደ 32 ወረደ። ምክንያቱ ብዙ ሊሆን ይችላል፤ የገንዘብ እጥረት አለ፣ የፓርቲዎች አመራረጥ አለ። ቢሆንም «ሴት አይተናት የለም እንዴ» የሚለው ወሬ በዚያ ዘመን በማላዊ ገበያዎች አልተሰማም ብሎ የሚምል ይኖራል ብለን አናምንም። ቢንጉ ሲወድቁ ወንድ አይተናል ያለ የለም፤ ወንድማቸው ናቸው የተመረጡት። በእኛ ማኅበር ሁሉም ተመራጭ ሴት ስለሆነች ይህ ችግር የለብንም፣ የዱቄቱ ችግር ግን አለብን። የጤፍ ዋጋ ጨምሮ የወፍጮ ቤታችን ትርፍ ሲቀንስ ጣት የሚቀሰረው ወደ ሥራ አመራሩ ነው፤ ትርፉ ሲያድግም ጭብጨባው ለእነሱ ነው። ስለዚህ ለመጪው ጠቅላላ ጉባኤ የምናቀርበው የሒሳብ ሪፖርት በሁለት ዓምድ እንዲሆን አስበናል፤ አንዱ በገበያው ምክንያት የመጣ ለውጥ፣ ሌላው በሥራ አመራሩ ውሳኔ የመጣ ለውጥ። የመነሻ ሒሳቡም ከእነ ርክክብ ሰነዱ አብሮ ይያያዛል።

የማላዊ ታሪክ በዚያ አላበቃም። በ2019 ፒተር ሙታሪካ በድጋሚ አሸነፉ ተባለ። በውጤት ማጠቃለያ ቅጾቹ ላይ ግን ቁጥሮች በፍሉድ ጠፍተው እንደገና ተጽፈው ተገኙ። (ሒሳብ ክፍል ውስጥ ፍሉድ ለምን እንደማይፈቀድ ለጠየቁን ሁሉ እነሆ መልሱ።) ሕዝቡ ለወራት ሰልፍ ወጣ፣ ከጥያቄዎቹም አንዱ የምርጫ ኮሚሽኑ ሰብሳቢ ዳኛ ጄን አንሳ ከሥራ እንዲለቁ ነበር። በፌብሩዋሪ 2020 አምስት ዳኞች ጥይት የማይበሳው ልብስ ለብሰው ችሎት ገቡና ምርጫውን ሰረዙት። በጁን በተደረገው ድጋሚ ምርጫ ቻክዌራ ከመቶ 50 በላይ አግኝተው ገቡ፣ ሙታሪካ ወንበር ላይ እያሉ ወረዱ። ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በሴፕቴምበር 2025፣ ቤንዚን እንደገና ጠፍቶ፣ ዱቄት እንደገና ተወድዶ ነበር። ወንበር ላይ የነበሩት ቻክዌራ 33 በመቶ አገኙ፤ በ85 ዓመታቸው የተመለሱት ሙታሪካ ከ56 በመቶ በላይ። ከዕጩዎቹ መካከል ወይዘሮ ጆይስ ባንዳም ነበሩ፣ ያገኙት ድምፅ ከመቶ ሁለት አይሞላም። ከአዲሱ ፕሬዚዳንት ጋር ምክትል ሆነው ቃለ መሐላ የፈጸሙት ደግሞ ዳኛ ጄን አንሳ ናቸው።